ለሦስት ሰው ዐሥር ሴኮንድ

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ከማጠቃለያ ፈተና ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የጥያቄና መልስ ውድድር ያዘጋጅ ነበር። ከየክፍሉ ሦስት ሦስት ልጅ ይመረጣል። ከሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ሁለት ዴስክ ይቀመጣል፤ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ይወጣል፤ ተማሪው በየክፍሉ ተሰልፎ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። ደወላችን ከግራሩ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ሰዓት ያዡ ልጅ ዓይኑን ከእጅ ሰዓቱ ሳይነቅል ቆሞ፣ ዐሥሩ ሴኮንድ ሲያልቅ ቸርኬውን በብረት ይመታዋል።

በዚያ ዓመት ውድድሩ በጂኦግራፊ ነበር፤ እኔም ከክፍላችን ሦስት ተወዳዳሪዎች አንዱ ነበርኩ። የመጨረሻው ዙር ላይ ደርሰን ነጥባችን እኩል ነው።

"ከአገራችን ታላላቅ ወንዞች ባሕር ሳይደርስ የሚቀረው የትኛው ነው?" ሲል ጠያቂው አነበበ።

አዋሽ አልኩ፤ በሹክሹክታ፣ ግን እርግጠኛ ሆኜ። መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ። ከወዲያ ጫፍ የተቀመጠችው ልጅ ራሷን ነቀነቀች። "ኦሞም እኮ አይደርስም" አለች። "አጎቴ ኦሞራቴ ነው የሚሠራው። ቱርካና ገብቶ እዚያው ይቀራል።" የቡድናችን መሪ መሐላችን ነበር። ወደ እኔ አየ፤ ወደ እሷ አየ። ቸርኬው ሊመታ ሲል "ኦሞ!" አለ።

ካርዱ ላይ የተጻፈው አዋሽ ነበር። ጥያቄው ለሌላው ቡድን ተላለፈ፤ እነሱም አዋሽ ብለው ነጥቡን ወሰዱ። እኔ ለዚያች ልጅ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፈግኳት። ፍርዱ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን እነዚያ ዐሥር ሴኮንዶች ስለሚገኙበት ውድድር፣ ስለ ቡድን የጂኦግራፊ ጥያቄና መልስ፣ የማውቀውን ልናገር።

አሠራሩን ማንም ያውቀዋል። ቡድኑ ሦስት ወይም አራት ልጅ ይኖረዋል። ጠያቂው ካርዱን ያነባል፤ ልጆቹ ይመካከራሉ፤ አንዱ በሁሉም ስም ይመልሳል። በእኛ ትምህርት ቤቶች የተለመደው በተራ መጠየቅ ነው፤ አንዱ ቡድን ካልመለሰ ጥያቄው ለሌላው ይተላለፋል። ሌላው መንገድ ሁሉም ቡድኖች አንድን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሰምተው መልሱን በወረቀት ጽፈው ከፍ የሚያደርጉበት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በተራ ሲሆን አንዱ ቡድን የፈረንሳይን ዋና ከተማ ይጠየቃል፤ ቀጣዩ የቡርኪና ፋሶን። ዋጋዱጉን ያላወቀ ልጅ ፓሪስን ካወቀው ልጅ አንሶ ወደ ቤቱ ይገባል። በአንድ ጊዜ ሲጻፍ ግን ዕጣ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ ተራራ ነው የሚወጣው።

ይህን ዓይነቱን ውድድር እስከ ዓለም መድረክ ያደረሰው በዋሽንግተን የሚገኘው የናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማኅበሩ የተመሠረተው በ1888 ነው። መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1988 በጋሉፕ ድርጅት አማካይነት በዘጠኝ አገሮች ሰዎችን ካርታ እያሳየ ጠየቀ። የተገኘው መልስ አሜሪካውያንን አስደነገጠ። ከሰባት አሜሪካዊ አዋቂዎች አንዱ የገዛ አገሩን በዓለም ካርታ ላይ ማመልከት አልቻለም። ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉት ወጣቶቻቸው ደግሞ ከዘጠኙ አገሮች እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ መጨረሻ ወጡ። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጊልበርት ግሮቭነር ጂኦግራፊ ወደ ክፍል እንዲመለስ የሚሟገቱ ሰው ነበሩ፤ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1989፣ ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች አገር አቀፍ የጂኦግራፊ ውድድር ተጀመረ። ጠያቂው በቴሌቪዥን የጥያቄ ዝግጅት የታወቀው ካናዳ ተወላጁ አሌክስ ትሬቤክ ነበር፤ እስከ 2013 ድረስ ለሃያ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ የመጨረሻውን ዙር መርቷል። በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከየትምህርት ቤታቸው ይነሡና አንድ ብቻ ይቀር ነበር።

ይህ የአገር ውስጡ ውድድር የግል ነበር። አንድ ልጅ፣ አንድ ማይክሮፎን። የቡድኑ ነገር የመጣው በ1993 ነው፤ ማኅበሩ ለንደን ላይ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ውድድር ሲከፍት እያንዳንዱ አገር ሦስት ልጅ እንዲልክ ተጠየቀ። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ቀጠለ። ቡድኖቹ በመጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና ይወስዱ ነበር፤ ቀጥሎ ከአዳራሽ ወጥተው በተግባር ይፈተኑ ነበር፤ ከሁሉም የበለጡት ሦስቱ ሕዝብ ፊት ይቀርቡ ነበር።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ የአሜሪካ ቡድን ይመረጥበት የነበረው መንገድ ነው። ሦስቱ ልጆች በአገር አቀፉ ውድድር ከፊት የወጡት ነበሩ። ያ ማለት አንዱ ሌላውን አሸንፎት፣ ሌላው በአንዲት ጥያቄ ተሸንፎ እያለቀሰ ከመድረክ ወርዶ ሊሆን ይችላል። አሁን በአንድ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ አፍ መናገር አለባቸው። ለብቻው እየተጣደፈ ሲመልስ የኖረ ልጅ የሰውን ቃል ቆም ብሎ መስማት አለበት። እንዲህ ያለውን ልምምድ የትኛውም መጽሐፍ አያስተምርም።

የአሸናፊዎቹ ታሪክ ጥቂት ቢወራ አይከፋም። የለንደኑን አሜሪካ ወሰደች፤ በ1995 ኦርላንዶ ላይ አውስትራሊያ። በ1997 ካናዳውያን ዋሽንግተን ሄደው አሸነፉ፤ በ1999 አሜሪካውያን ቶሮንቶ ሄደው ብድራቸውን መለሱ። አሜሪካ ከዚያ በኋላ በቫንኩቨር፣ በታምፓና በቡዳፔስት አከታትላ ድል አደረገች። አራት ጊዜ በተከታታይ ነውና ሌላ የሚያሸንፍ ያለ አይመስልም ነበር። በ2007 ግን እዚያው አሜሪካ ምድር፣ ሳን ዲዬጎ ላይ፣ የሜክሲኮ ሦስት ልጆች ዋንጫውን ይዘው ድንበሩን ተሻገሩ። ቀጣዩ ውድድር ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሲደረግ ካናዳ አሸነፈች፤ በ2011 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የጉግል ዋና መሥሪያ ቤት ሩሲያ፤ በ2013 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ደግሞ አሜሪካ። ከ2013 ወዲህ አልተካሄደም። አገር አቀፉም ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2020 ተቋረጠ፤ በ2021 ማኅበሩ ጨርሶ ማቆሙን አስታወቀ። አዝኛለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲዘጋ አንድ ልጅ አትላስ የሚገልጥበት ምክንያት አብሮ ይዘጋል።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። ሦስት ልጆች ለምን ከአንድ ይሻላሉ? ብዙ ሰው ሦስት እጥፍ ስለሚያውቁ ይላል። እንደዚያ አይደለም። ሦስቱም አንድ መጽሐፍ ያጠኑ ከሆነ የሚያውቁት የአንድ ሰው ያህል ነው፤ የማያውቁትም አንድ ነው። ጥሩ ቡድን የሚባለው አንዱ ተራራና ወንዝ፣ ሌላው ድንበርና ዋና ከተማ፣ ሦስተኛው ሕዝብ፣ ቋንቋ፣ ሰብልና ንግድ የሚያውቅ ሲሆን ነው። አባቱ ሹፌር የሆነ ልጅ ከሞያሌ እስከ መተማ ያለውን መንገድ በኬላው ስም ይቆጥርልሃል። እናቷ ቡና የምትነግድ ልጅ ይርጋጨፌና ሐረር በጣዕም ለምን እንደሚለያዩ ታውቃለች። ቡድን የሚመርጥ መምህር የክፍሉን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ብቻ ቆጥሮ ከመረጠ እንዲህ ያለውን ልጅ ያጣዋል።

ከዚያ ምክክሩ አለ። ዐሥር ሴኮንድ አጭር ይመስላል፤ ለሦስት ሰው ግን አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ችግሩ ጊዜው አይደለም። ችግሩ ያለው "ይመስለኛል" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። በእኛ ዘንድ በደንብ ያደገ ልጅ እርግጠኛ በሆነበትም ነገር "ይመስለኛል" ይላል፤ እርግጠኛ ሆኖ መናገር እንደ ድፍረት ይቆጠራልና። ያልበሰለውና ጮክ የሚለው ደግሞ በግምት ተነሥቶ "ነው!" ይላል። መሪው ሁለቱን ሲሰማ ወደ ጮሌው ያዘነብላል። ስንት ትክክለኛ መልስ በትሕትና ምክንያት ከጠረጴዛው ሥር ቀርቷል! ተማሪዎች ሳሠለጥን ለዚህ አንድ መላ አበጅቻለሁ፤ እያንዳንዱ መልሱን ሲያንሾካሹክ በጣቱ ቁጥር ያሳያል። ሦስት ጣት "አውቀዋለሁ" ነው፤ ሁለት ጣት "አይቼዋለሁ፣ ግን አላጣራሁም" ነው፤ አንድ ጣት "እየገመትኩ ነው"። በጣት ሲሆን ማንም ትዕቢተኛ አይባልም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሁለት ጣት ያነሣል። በሦስተኛው ሳምንት ዝምተኛዋ ልጅ ሦስት ጣቷን ስታነሣ መሪው ሌላውን ሳያይ ይመልሳል።

ጥሩ ጥያቄ ይህን ምክክር እንዲያስፈልግ አድርጎ የሚሠራ ነው። አንድ ምሳሌ ላንሣ፤ እኔ ያዘጋጀሁት ነው። "ይህ አገር ዙሪያውን በአንድ ሌላ አገር ብቻ ተከቧል። ከግዛቱ ዝቅተኛው ቦታ እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,400 ሜትር ነው። ለከበበው ጎረቤቱ ውሃ ይሸጣል። ማን ነው?" በአንድ አገር ብቻ የተከበቡ ነጻ አገሮች በዓለም ላይ ሦስት ናቸው፤ ቫቲካን፣ ሳን ማሪኖና ሌሶቶ። ድንበር የሚያውቀው ልጅ ሦስቱን ይቆጥራል። ከፍታ የሚያውቀው ቫቲካን ሮም ከተማ ውስጥ ያለ ጉብታ መሆኑን፣ የሳን ማሪኖም ተራራ ቢሆን 1,000 ሜትር እንደማይደርስ ተናግሮ ሁለቱን ያወጣል። ሦስተኛው ልጅ ሌሶቶ ከተራሮቿ ውሃ ገድባ በዋሻ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደምትልክ፣ ጆሃንስበርግና አካባቢዋ ያንን ውሃ እንደሚጠጡ ያስታውሳል። ሦስቱም "ሌሶቶ" የሚለውን መልስ ሳያውቁ ተቀምጠው፣ አብረው ግን ደረሱበት። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ጭብጨባ ከሁሉም የሚሞቀው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሌላው የምወደው ዓይነት ጥያቄ ዓይን ያታለለውን የሚያርም ነው። ሮምና ኒው ዮርክ፤ ወደ ሰሜን ይበልጥ የምትርቀው የትኛዋ ናት? ኒው ዮርክ በረዶ ስለሚያለብሳት ልጆች ወደ እሷ ይሮጣሉ። ሮም ግን 42ኛ ዲግሪ አጠገብ ናት፤ ኒው ዮርክ 41ኛ እንኳ አትሞላም። ከዚህ ቀጥሎ "ታዲያ ለምን ሮም ትሞቃለች?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ስለ ሜዲትራኒያን ባሕር፣ ከአትላንቲክ ስለሚመጣው ለዘብ ያለ ነፋስ፣ ኒው ዮርክን ደግሞ በክረምት ከካናዳ ወርዶ ስለሚመታት ቀዝቃዛ አየር ወሬው ይቀጥላል። ከአገር ቤት ደግሞ አሶሳና ድሬዳዋን አነጻጽሩ በሉ። ድሬዳዋ በሐሳባችን ላይኛው በኩል ትቀመጣለች፤ ምናልባት ወደ ጅቡቲ ስለምትወስድ ይሆናል። አሶሳ ግን በጥቂቱም ቢሆን ከድሬዳዋ ይልቅ ወደ ሰሜን ናት። ይህን ሲሰሙ ወላጆችም ጭምር ካርታው ወዳለበት ግድግዳ ይሄዳሉ።

እያንዳንዱ የእኛ አገር ተማሪ የሚሸመድደው አንድ ቁጥር አለ፤ ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ትገኛለች። እኔም ሸምድጄዋለሁ። ቁጥሩን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ግን ሌላ ነው። 15 የኬንትሮስ ዲግሪ ማለት መሬት በአንድ ሰዓት የምትዞረው ልክ ነው። ስለዚህ በሱማሌ ክልል ምሥራቃዊ ጫፍ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጋምቤላ ምዕራባዊ ጫፍ እስክትወጣ ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ያልፋል፤ ሁለቱም ጋ ግን የግድግዳው ሰዓት አንድ ነው። ይህንን ለስድስተኛ ክፍል ልጆች በቡድን ጥያቄ አቅርቤላቸው አንዲት ልጅ ብርቱካን አውጥታ እያዞረች ለጓደኞቿ ስታስረዳ አይቻለሁ። ሰዓቱ አለቀባቸው፤ ነጥብም አላገኙም። ብርቱካኑን ግን ለሦስት ከፍለው በሉት።

አሁን ወደ ፍርዱ። ያን ዕለት የጂኦግራፊ መምህራችን ከተመልካች መካከል ተነሥተው ወደ ዳኞቹ ሄዱ። ስለ አሸናፊው አልተከራከሩም፤ ካርዱን ብቻ ተቀብለው አነበቡት። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብተው ካርታውን ሰቀሉና በአመልካች እንጨት አዋሽን ከጊንጪ አካባቢ ከፍታ አንሥተው እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ አቤ ሐይቅ ወሰዱት። እዚያ ቆመ። ቀጥለው ኦሞን ተከተሉት፤ ኦሞራቴን አልፎ ቱርካና ገባ፤ እዚያ ቆመ። ከዚያ ማንም ያላነሣውን ዋቢ ሸበሌን ከባሌ ከፍታ አውርደው በጎዴ በኩል ሶማሊያ አስገቡት፤ ከሞቃዲሾ በላይ ወደ ውቅያኖሱ ተጠግቶ ከባሕሩ ጎን ለጎን ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ረግረግና አሸዋ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ጥያቄው አንድ መልስ ይጠይቃል፤ መልሶቹ ግን ሦስት ነበሩ። "ልጅቷ ትክክል ናት፤ አንተም ትክክል ነህ" አሉኝ። "ስሕተቱ ካርዱ ላይ ነው።" ነጥቡ አልተመለሰም፤ የሽልማቱ ደብተር አስቀድሞ ተሰጥቷል። እኔ ግን ጥያቄ መጻፍ ጥያቄ ከመመለስ የሚከብድ ሥራ መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ፤ በዚያው ቀን ለልጅቷ ሰላምታዬን መለስኩላት።

ጥያቄው እንዴት ቢጻፍ ይድን ነበር? "ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ከፍታ ተነሥቶ፣ በስምጥ ሸለቆ አልፎ፣ በጅቡቲ ድንበር ሐይቅ ገብቶ የሚቀረው ወንዝ ማን ነው?" ቢባል አንድ መልስ ብቻ ይኖረዋል። ትጉህ አዘጋጅ ካርዱን ከጻፈ በኋላ ራሱን ተከራካሪ አድርጎ ይቀመጣል፤ "ሌላ የሚመልስ አለ?" ብሎ ይፈልጋል። ቁጥር ካለበት ምንጩን ካርዱ ጀርባ ላይ ይጽፋል። የራስ ደጀንን ከፍታ እንውሰድ፤ የቀድሞዎቹ መማሪያ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ሲሉ በኋላ የተሠሩ ልኬቶች ወደ 4,550 ሜትር ዝቅ አድርገውታል፤ 4,533 የሚልም አለ። አባት ለልጁ አንዱን ያስጠናል፤ ዳኛው ሌላውን ይዟል። እንዲህ ያለ ቁጥር መጠየቅ ካስፈለገ "ከ4,500 ሜትር ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" ማለት ይሻላል።

ስምም ያጣላል። አይቮሪ ኮስትና ኮትዲቯር አንድ አገር ናቸው፤ በርማና ማያንማርም እንደዚሁ። ስዋዚላንድ በ2018 ኢስዋቲኒ ተብላለች። የካዛኽስታን ዋና ከተማ በ1997 ከአልማቲ ወደ ሰሜን ተዛወረች፤ አስታና ተባለች፤ በ2019 ኑርሱልጣን ሆነች፤ በ2022 እንደገና አስታና። ዳኛው ከውድድሩ በፊት የሚቀበላቸውን ስሞች ሁሉ ጽፎ ካልያዘ ግቢው ይበጠበጣል።

የጂኦግራፊ ጥያቄ ከሒሳብ ጥያቄ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ያረጃል። የለንደኑ ውድድር በተከፈተበት ዓመት፣ በ1993፣ ጥር ወር ላይ ቼኮስሎቫኪያ ለሁለት ተከፍላ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች፤ የእኛም አገር የባሕር በሯን አጣች። "ኢትዮጵያን ስንት አገሮች ያዋስኗታል?" የሚለውን ቀላል ጥያቄ ውሰዱ። ከዚያ ዓመት በፊት የተማረ አራት ይላል፤ ሱዳን፣ ኬንያ፣ ሶማሊያና ጅቡቲ። ከ1993 በኋላ የተማረ ኤርትራን ጨምሮ አምስት ይላል። ከ2011 ወዲህ ደቡብ ሱዳን ተጨምራ ስድስት ሆነዋል። አያት፣ እናትና ልጅ አንድ ቤት ተቀምጠው ሦስት የተለያየ መልስ ቢሰጡ ሁሉም በየጊዜያቸው ነጥብ ያገኙ ነበር። በዚያው 2011 የአፍሪካ ሰፊ አገር ማን ናት የሚለውም መልስ ከሱዳን ወደ አልጄሪያ ተሻግሯል። ትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ካርታዎች ብዙዎቹ ከዚህ ሁሉ በፊት የታተሙ ናቸው። እኔ እነዚያን ካርታዎች መጣል አልወድም፤ ከአዲሱ ጎን ሰቅዬ "ሁለቱ የሚለያዩበትን አምስት ቦታ ፈልጉ" ብዬ ለቡድኖች እሰጣለሁ።

ዛሬ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ጂኦግራፊን ይዞ በዓለም የሚዞረው መድረክ ዓለም አቀፉ የጂኦግራፊ ኦሊምፒያድ ነው። በ1996 ሄግ ላይ በአምስት የአውሮፓ አገሮች ቡድን ተጀመረ፤ እስከ 2012 በየሁለት ዓመቱ፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይካሄዳል። ወደ አፍሪካም መጥቷል፤ በ2002 ደርባን፣ በ2008 ቱኒዚያ ውስጥ ካርታጎ። እያንዳንዱ አገር ከ16 እስከ 19 ዓመት የሆኑ አራት ተማሪዎች ይልካል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። የጽሑፍ ፈተና አለ፤ በሥዕልና በካርታ የሚቀርብ የምርጫ ጥያቄ አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን የመስክ ሥራ አለ። ልጆቹ ወደ አንድ ሰፈር፣ ወንዝ ዳር ወይም ገበያ ይወሰዱና በእግራቸው እየዞሩ ያያሉ፤ ያዩትን በካርታ ይሥላሉ፤ ቀጥሎ ይህ ቦታ ቢሻሻል እንዴት ይሁን የሚል ሐሳብ ያቀርባሉ። ነጥቡ የየግል ነው፤ ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሜዳሊያ ያገኛሉ። በቡድን የሚቀርበው ስለ አንድ ጉዳይ አብረው የሚያዘጋጁት የግድግዳ ሥዕል ነው። በደወልና በጩኸት የለመደ ተመልካች ይህ ይቀዘቅዝበት ይሆናል። እኔ ግን የመስክ ሥራውን ሳስብ ስለ መርካቶ አስባለሁ። አራት ልጆች ማስታወሻ ይዘው ከአውቶቡስ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ቢሄዱ፣ የትኛው ዕቃ የት እንደሚሸጥና ለምን እንደዚያ እንደተሰበሰበ ቢሥሉ፣ የየትኛውም አገር ዳኛ የሚያደንቀው ካርታ ይወጣቸዋል።

ለትምህርት ቤት የሚሆነው ወጪ ትንሽ ነው። አንድ የዓለም ካርታ፣ አንድ የአገር ካርታ፣ የተቆረጠ ካርቶን፣ ሰዓት፣ ደወል። ከባዱ ሰው ነው። ጥያቄ የሚጽፍ አንድ፣ ጥያቄውን የሚጠራጠር ሌላ፤ ሁለቱ አንድ ሰው እንዳይሆኑ እመክራለሁ። ለተመልካችም በየመሐሉ ጥያቄ ይቅረብ፤ እስክሪብቶ ይሸለም። ሣር ላይ የተቀመጠው ልጅ ራሱን ከዴስኩ ኋላ ማየት የሚጀምረው ያኔ ነው።

አሁን የምሠራው ለሰፈራችን ትምህርት ቤት የዘንድሮውን ካርዶች ነው። ሠላሳ ዘጠኙ አልቀዋል። አርባኛው ስለ ዓባይ ነው። "የዓባይ ምንጭ የት ነው?" ብዬ ጻፍኩና ወዲያው ሰረዝኩት፤ አንዱ ቡድን ጣና ሐይቅ ይላል፣ ሌላው ሰከላ ያለውን ግሽ ዓባይን፤ ሁለቱም የሚሟገቱበት በቂ ምክንያት አላቸው። "ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ታላቅ ወንዝ ማን ነው?" ብዬ ብጽፈው በጣም ቀለለ። ትናንት ማታ ለአራተኛ ጊዜ እንዲህ ጻፍኩት፤ "ከግሽ ዓባይ የተነሣ ጠብታ ውሃ ካርቱም እስኪደርስ የሚያልፍበትን ሐይቅ፣ ፏፏቴና ግድብ በቅደም ተከተል ጥሩ።" ጣና፣ ጢስ ዓባይ፣ ከዚያ ግድቦቹ። ሱዳን ውስጥ ያሉትን ሮሴሬስንና ሴናርን የሚጠራ ቡድን ይኖር ይሆን? ለዚህኛው ዐሥር ሴኮንድ አይበቃም፤ ሠላሳ ብዬ ካርዱ ጥግ ላይ ጽፌበታለሁ።